ቅቤ የሚቀልጥበት ሰዓት

መምህር ሄራኖ ማረፋቸውን የነገረኝ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ዛሬ እዚህ አዲስ አበባ የአንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኗል። ፒያሳ መንገድ ዳር አስቆመኝ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መምህር ሄራኖ እኮ ዐረፉ» አለኝ።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አልኩት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። ሰው ሞተ ሲባል የሚጠየቀው ምን ሆኖ፣ የት፣ መቼ ተቀበረ ነው እንጂ ሰዓት አይደለም። ዲሬክተሩ ግን ለአፍታ አፍጥጦ አየኝና ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ሳቅን። አላፊ አግዳሚው ዞር እያለ ያየን ነበር። ሳቁ ሲያልቅ እሱ እንባውን ጠረገ። እኔ የምጠርገው እንባ አልነበረኝም። የነበረኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት።

ስለ ሟች የሚጻፉ ጽሑፎችን ብዙ አንብቤአለሁ፤ አብዛኞቹን አላምናቸውም። ሟቹ ሁልጊዜ ደግ ነው፤ ሁልጊዜ ፈገግተኛ ነው፤ ድሃ ሲያይ ኮቱን አውልቆ ይሰጣል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በሕይወት ሳሉ አጋጥመውኝ አያውቁም፤ እስኪሞቱ ድረስ የት ተደብቀው እንደሚኖሩ አይገባኝም። መምህር ሄራኖ ደግ ነበሩ አልልም። አሰልቺ ሰው ነበሩ። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰዓታቸውን አይተው የሚነሡ፣ ጸሎት ቤት ከ«አሜን» በፊት ባርኔጣቸውን የሚያነሡ ሰው ነበሩ። ኮታቸውንም ለማንም ሲሰጡ አላየሁም። ያላቸው አንድ ኮት ነበር፤ በደረት ኪሱም ሁልጊዜ ቴርሞሜትር አይጠፋም።

ሆሳዕና የሄድኩት በጸሐፊነት ተመድቤ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራው የማስተባበያ ደብዳቤ ይጽፉልኛል፤ የእነሱን ደብዳቤ ደግሞ እኔው ራሴ ለዓመታት ስጽፍላቸው ስለኖርኩ መጨረሻውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬ ከሠላሳ ዘለል ብሎ ነበር፤ ከአዲስ አበባ መውጣቴን እንደ ግዞት የቆጠርኩ፣ ሻንጣዬን ሙሉ በሙሉ ያልፈታሁ ሰው ነበርኩ።

በሳምንቴ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ተላክሁ። ግቢው መካከል ባለ አራት እግር ነጭ የእንጨት ሣጥን ቆሟል፤ ጎኖቹ ነፋስ እንዲያሳልፉ ርብራብ ናቸው። ውስጡ የሙቀት መለኪያ፣ አጠገቡ የዝናብ መስፈሪያ አለ። መምህር ሄራኖ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሲሆኑ በተደራቢ የእነዚህን ዕቃዎች ቁጥር በቀን ሦስት ጊዜ እያነበቡ በየወሩ ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። ወረቀቱ በእኛ ቢሮ ማኅተም ስለሚያልፍ ልቀበል የሄድኩት እኔ ነኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸውን ወደ ፊት ያስቀደሙ ሰው ናቸው። የሺንሺቾ ተወላጅ ናቸው፤ ከምባትኛ፣ ሀዲይኛና አማርኛ ይናገራሉ፤ በሦስቱም ቋንቋ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን አንድ ነው።

«ከተማችሁ ብርዳም ናት» አልኳቸው ለጨዋታ ያህል።

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«እ… ዛሬ ጠዋት።»

«የት ቆመህ?»

«ቤቴ በር ላይ።»

«ቤትህ ሣር ነው፣ ቆርቆሮ?»

«ቆርቆሮ።»

«እንግዲያው በቆርቆሮ ቤት በር ላይ ጠዋት ብርድ ነው በል። ከተማውን በሙሉ አትክሰስ» ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ።

ተማሪዎቹ «አቶ ስንት ሰዓት» ይሏቸው ነበር። አንድ ጊዜ ለምስክርነት ተጠርተው ዳኛው «ተከሳሹ ጠጪ ነው ይባላል፤ ያውቃሉ?» ብለው ቢጠይቋቸው «ስንት ሰዓት ላይ?» ብለው ችሎቱን አሳቁት ይባላል። እሳቸው ራሳቸው ግን አልሳቁም ይባላል። እውነትም ሲስቁ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ያውም ሌላ ሰው በማይስቅበት ነገር።

በዚያው ዓመት ከተማዋን የማሳመር ሥራ ተጀመረ። የከተማው ሹም፣ ግራዝማች ብቻ ብዬ የማልፋቸው ሰው፣ ክፉ አልነበሩም። ሥልጣኔ የሚባለውን ነገር ከልባቸው ይወዱ ነበር፤ ችግሩ ሥልጣኔን የሚያውቁት በመልኩ ብቻ መሆኑ ነው። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያለ የሣር ቤት ሁሉ ክዳኑ ወደ ቆርቆሮ እንዲለወጥ አዘዙ። በመንገዱ ዳር የነበረው እንሰት እንዲነቀል አዘዙ። «እንግዳ ሲመጣ ከተማ ገባሁ ይበል እንጂ ጓሮ ገባሁ አይበል» ይሉ ነበር። በገበያው ዙሪያ የነበሩት ዋንዛዎች ተቆረጡ፤ አንድ ብቻ በዳር በኩል ቀረ፤ እሱም የቀረው ግንዱ ለመጋዙ ስላስቸገረ ነው። መሬቱ ላይ ጠጠር ፈሰሰ። ከኮረብታው ላይ ሲታይ መንገዱ በአረንጓዴው መካከል እንደ ቢላዋ ያብለጨልጭ ነበር። ግራዝማቹ እዚያ ኮረብታ ላይ ቆመው ማየት ይወዱ ነበር። ከሩቅ ለማየት የተሠራ ሥራ ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

መምህር ሄራኖ ለመቃወም አልተነሡም፤ የጠየቁት ነገር ነበር። ነጩ ሣጥን የሚናገረው ስለ ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው፤ ስለ አዲሱ መንገድ ማን ይናገራል? ከሚሲዮን ክሊኒክ ሁለት ትርፍ የግድግዳ ቴርሞሜትር ለምነው አመጡ። አንዱን በከተማው ዳር፣ ወደ ፎንቆ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ገበሬ እንሰት ውስጥ አንጠለጠሉ። ሁለተኛውን በቆርቆሮው መንገድ ላይ፣ በአንድ ሱቅ ጥላ ሥር። ሁለቱ በአንድ ደቂቃ መነበብ አለባቸው፤ አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ቦታ መቆም አይችልም። እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ። እንዲህ ሆኖ የቆርቆሮው ሰው እኔ፣ የእንሰቱ ሰው እሳቸው ሆንን። ሰኞ ሰኞ ሰዓቴን ከእጄ አስፈትተው ከሰዓታቸው ጋር ያስተካክሉታል። ከምሳ በኋላ በስምንት ሰዓትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በየቦታችን ቆመን እናነባለን። ከዚያ መሐል መንገድ ላይ ተገናኝተን በአንድ ደብተር እንጽፋለን፤ ግራው ገጽ የእሳቸው፣ ቀኙ የእኔ።

መጀመሪያ ቀን ቁጥሩን ብቻ ጻፍኩ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉኝ።

«ያነበብኩት ነዋ።»

«ሰዓት የሌለው ቁጥር ወሬ ነው። መጀመሪያ ሰዓት፣ ከዚያ ቁጥር።»

«መምህር፣ እርስዎ አሁን ያውቁት የለም? በአንድ ሰዓት ነው ያነበብነው።»

«እኔ ስሞት የሚያነበው ሰው አያውቅም» አሉና እርሳሱን መልሰው ሰጡኝ።

ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል እንዲህ ዘለቅን። ከምሳ በኋላ በቆርቆሮው መንገድ ላይ ሜርኩሪው ከእንሰቱ ይልቅ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ፣ በቆዳም የሚታወቅ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እንሰቱ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ጠጠሩና የድንጋይ ግንቡ ግን የዋለበትን ይዘው ያመሻሉ። ሊነጋ ሲል ነገሩ ይገለበጣል፤ ስስ ቆርቆሮ ከሁሉም ቀድሞ ብርዱን ይጠጣል። መምህር ሄራኖ ይህን የመጨረሻውን ለማወቅ ብቻ አንድ ሳምንት ሙሉ በጎሕ ተነሥተዋል። የሚፈልጉትን ብቻ የሚለኩ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አይነሡም ነበር።

ከዓመታት በኋላ በአንድ የፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ ነገር አነበብኩት። ትልልቅ ከተሞች ከዙሪያቸው ገጠር ይልቅ ይሞቃሉ፤ በካርታ ሲሣሉ በቀዝቃዛ ባሕር መካከል የቆመ የሙቀት ደሴት ይመስላሉ ይላል። ምክንያቱም ተዘርዝሯል፤ ዛፍና ቅጠል መጥፋቱ፣ ድንጋዩ፣ ጣራው።  መምህር ሄራኖ ባሕር አይተው አያውቁም። ደሴቱን ግን በእግራቸው ዞረውታል፤ ዳርቻውም ፎንቆ መንገድ ላይ፣ የመጀመሪያው እንሰት ጋ መሆኑን ያውቁ ነበር።

የሣር ቤት ናፋቂም አልነበሩም። ይህን የምለው ዛሬ የጥንቱን ሁሉ የሚያሞካሹ ጸሐፊዎች ስለበዙ ነው፤ እነሱም የሚጽፉት በቆርቆሮ ቤት ተቀምጠው ነው። የሣር ቤት ያፈሳል፣ ቁንጫ ያራባል፣ ይቃጠላል። መምህር ሄራኖ ራሳቸው የሚኖሩት በቆርቆሮ ቤት ነበር፤ በሦስት ጎኑ እንሰት ተክለው። «ቆርቆሮ አልጠላም፤ ዝናብ አያስገባም። ያልኩት ከሰዓት በኋላ ይሞቃል ነው» ይሉ ነበር። ይህንን ግራዝማቹ ፊትም ብለዋል። ግራዝማቹ የሰሙት ግን «መንግሥት ተሳስቷል» የሚል ነው።

ነገሩ ከደብተር ወጥቶ የሰው ኑሮ ውስጥ የገባው የቅቤ አዳራሹ የተሠራ ጊዜ ነው።

የሆሳዕና ቅቤ የታወቀ ነው። ቅቤ ሻጭ ሴቶች ድሮ ዋንዛዎቹ ሥር ተቀምጠው፣ ቅቤውን በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይሸጡ ነበር። ግራዝማቹ ይህ አላማራቸውም። ጣራውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ረጅም አዳራሽ አሠሩ፤ ሌባ እንዳይገባ መስኮት አልተደረገለትም። ሴቶቹ ከዚያ ውጭ እንዳይሸጡ ተከለከለ፤ ቅጠሉም ቆሻሻ ነው ተብሎ በቆርቆሮ ሣህን እንዲያቀርቡ ታዘዘ። ቅቤውን ከላይም ከታችም ከጎንም በቆርቆሮ ከበቡት ማለት ነው። ገበያው የሚሞላው ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው።

ቅቤው ቀለጠ። የአዲስ አበባ ገዢዎች «ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ሞራ ተቀላቅሎበታል» ብለው አመለከቱ። ግራዝማቹ ከአዳራሹና ከሴቶቹ አንዱን መጠርጠር ነበረባቸው። አዳራሹን የመረቁት እሳቸው ናቸው።

የተከሰሰችው ታደለች ነበረች፤ ከፎንቆ በኩል ቅቤ የምታመጣ፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት። የተመረጠችውም ብዙ ስለቀለጠባት ሳይሆን ብዙ ስለተናገረች ነው። ተቆጣጣሪው ገበያ መሐል «ምን ቀላቀልሽበት?» ቢላት፣ «ከግራዝማች ቆርቆሮ ጋር ብቻ ነው የቀላቀልኩት» አለችው። ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ያ ሳቅ ግራዝማቹ ጆሮ እስኪደርስ እሩብ ሰዓት አልፈጀም።

በሆሳዕና ቅቤ ደባላቂ መባል ቀላል ነገር አይደለም። ጥፋተኛ ከተባለች ስሟ በገበያ ቀን በጥሩምባ ነፊ ይነገራል፤ ከገበያው ትባረራለች፤ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎችም በጉባኤ ፊት አቁመው ይጠይቋታል። ታደለች ደግሞ ከጸሎት ቤቱ መዘምራን አንዷ ነበረች።

መምህር ሄራኖ ከዚያ በፊት ታደለችን በስም አያውቋትም ነበር። ስለ ሴትየዋ ሳይሆን ስለ ክሱ መጡ። ከአንድ ጥቅልል ቅቤ ሁለት እፍኝ አስቆርጠው አንዱን በቅጠል ጠቅልለው ከተረፈችው ዋንዛ ሥር፣ ሌላውን በሣህን አዳራሹ ውስጥ አኖሩ። ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት አስተማሪዎች ባሉበት አየን። የዋንዛው ቅቤ ጣት ሲጫነው ይሰረጉዳል፤ የአዳራሹ ግን ሣህኑ ውስጥ ይዋኛል። ታደለች ከአዳራሹ ጥግ ወደ በሩ እየሄደች በየቦታው አውራ ጣቷን ቅቤው ላይ ትጫንና «እዚህ ይብሳል፣ እዚህ ይሻላል» ትላለች። መምህር ሄራኖ ከኋላዋ በቴርሞሜትር ይከተላሉ። አንድም ቦታ አልሳተችም። ያን ቀን ነው ሲስቁ ካየኋቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ።

«ይህችን ሴት ሣጥኑ ውስጥ ላስቀምጣት ነው» አሉኝ።

«እኔ ሣጥን ውስጥ አልገባም መምህር። ግራዝማች አስገብተውኝ አይደል የተቃጠልኩት?» አለች ታደለች።

መምህሩ ደብተሩን ይዘው አመለከቱ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ግራዝማቹ ራሳቸው፣ ጸሐፊው እኔ። ኮሚቴው አዳራሹን በዓይኑ እንዲያይ ተወሰነ። መምህር ሄራኖ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ጉብኝቱ በገበያ ቀን በስምንት ሰዓት ይሁን አሉ።

«በስምንት ሰዓት?» አሉ ግራዝማቹ። «አንተ ሰው ጤና የለህም? በስምንት ሰዓት እዚያ ውስጥ ማን ይቆማል! ሰው በላብ ያልቃል። በጠዋቱ፣ ነፋሻ ሳለ እንሂድ።»

ማንም አልሳቀም። ከግድግዳው የግርማዊነታቸው ሥዕል ቁልቁል ያየናል። እኔ እርሳሴን አነሣሁና ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ።

«ግራዝማች፣ አሁን የተናገሩት ይጻፍልኝ» አሉ መምህር ሄራኖ ዝግ ብለው።

«የቱ?»

«ሰው በላብ ያልቃል ያሉት።»

«ይሄ ጨዋታ ነው። ቃለ ጉባኤ ውስጥ ጨዋታ አይገባም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ጸሐፊ፣ ጨዋታ አትጻፍ።»

አልጻፍኩም።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሄድን። የገበያ ቀን አልነበረም። ግራዝማቹ ካፖርት ደርበው፣ አባላቱ ጋቢ ለብሰው፣ ከሁላችንም አፍ ጭስ ይወጣል። ቆርቆሮው በእጅ ሲነካ ያንዘፈዝፋል። ታደለች ከማታ ጀምሮ እዚያው ያደረ ሣህኗን አቀረበች። ግራዝማቹ በከዘራቸው ጫፍ ቅቤውን ተጫኑት። አልገባም። ደግመው ተጫኑት።

«ይኸው! ድንጋይ!» አሉ። «የታለ የሚያቀልጠው እሳት?»

«ስንት ሰዓት ላይ?» አሉ መምህር ሄራኖ።

«ግራዝማች» አለች ታደለች፣ «ፀሐይቱም እኮ እንደ ሹም ናት፤ ረፍዶ ነው ሥራ የምትገባው። ትንሽ ይጠብቋት።»

«አንቺ ዝም በይ! ይሄ ምላስሽ ነው ቅቤውን ያቀለጠው።»

ከአባላቱ አንዱ በጋቢው ውስጥ ሳቀ። መምህር ሄራኖ ቴርሞሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ አነበቡ፤ በደብተራቸው ላይ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ከዚያ ቁጥሩን ጻፉ። ይህን ያዩ ሰዎች በኋላ «በገዛ እጁ ራሱ ላይ ጻፈ» ብለው ቀለዱባቸው። እኔን ግን ከዚህ የበለጠ ያስፈራኝ ነገር የለም። የሚጎዳቸውን ቁጥር ከእኛ ሁሉ በፊት የመዘገቡት እሳቸው ናቸው።

ያን ቀን ከምሳ በፊት ቃለ ጉባኤውን በጽሕፈት መኪና አዘጋጀሁ። «ኮሚቴው አዳራሹን ጎብኝቶ የተባለው ሙቀት አለመኖሩን፣ ቅቤውም ጠንካራ መሆኑን አረጋግጧል» ይላል። ቀኑ አለ፤ ቦታው አለ፤ የአባላቱ ስም አለ። በቀኑና በቦታው መካከል አንድ ክፍት መስመር ትቻለሁ። ግራዝማቹ ሰዓት አያስፈልግም ብለው ነበር። እኔ ደግሞ አልጻፍኩም እንዳልባል ቦታ፣ ጻፍኩ እንዳልባል ባዶ ተውኩ። ፈሪ ሰው እንዲህ ነው፤ ክህደቱንም በንጽሕና ይሠራዋል።

መምህር ሄራኖ አመልካች በመሆናቸው የማንበብ መብት ነበራቸው። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ጣታቸውን ባዶው መስመር ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ላይ ሰዓት የለም።»

«ቀኑ አለ መምህር።»

«ቀን ረጅም ነው።» ጣታቸውን ከመስመሩ አላነሡም። «እኔ ተከራከርልኝ አልልህም። አዳራሹ ይሞቃል ብለህ ጻፍም አልልህም። ሰዓቱን ብቻ ጻፍ። አዲስ አበባ የሚያነበው ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚል ካየ ይበቃዋል። ሴትየዋ ትድናለች።»

«ግራዝማቹ አያስፈልግም ብለዋል።»

«አንተስ?»

ጠረጴዛው ላይ፣ ከቃለ ጉባኤው ጎን፣ ሌላ ወረቀት ነበር። ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ያመለከትኩት ማመልከቻ ነው፤ ግራዝማቹ ጋ ገብቶ ሳይፈረምበት የተመለሰ። መምህሩ አዩት።  ብዕሬን አንሥቼ «ከፈለጉ እርስዎ ይጻፉት» አልኳቸው፤ ይህን ማለቴን እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴን ይለበልበኛል።

«የሰው ንባብ ላይ አልጽፍም። ገጹ ያንተ ነው» ብለው ወጡ።

መስመሩ ባዶ እንደሆነ ቃለ ጉባኤው ሄደ። ባዶ መሆኑን የጠየቀ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አልተገኘም። በሁለተኛው ሳምንት፣ በገበያው ቀን፣ ጥሩምባ ነፊው የታደለችን ስም ከነአባቷ ጠርቶ ቅቤ ደባላቂ ናት አለ። እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ ሰማሁት፤ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ቆርቆሮው ስለሚያስተጋባ ዘግቼም ሰማሁት። ጸሎት ቤቱ ከመዘምራን አገዳት። መምህር ሄራኖ «ሕዝብ በማወናበድ» ተብለው ወደ ሾኔ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ሾኔ ከሆሳዕና ዝቅ ያለ፣ ሞቃት አገር ነው። ግራዝማቹ ይህንን በጣም ወደዱት፤ «ሙቀት ሲፈልግ አልነበር? ይኸው» እያሉ ለሦስት ቀን ላገኙት ሰው ሁሉ ተናገሩ። ሁለቱ ቴርሞሜትሮች፣ የደረት ኪሳቸውም ጭምር፣ ተነጠቁ። መምህሩ ሲያስረክቡ የርክክቡን ሰነድ ራሳቸው ጻፉ፤ ከላይ ሰዓቱ ነበረበት።

የእኔም ማመልከቻ ተፈረመ።

ለስንብት ቤታቸው ሄጄ ነበር ብል ውሸት ነው። ሊሄዱ ሲሉ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሰጡኝ፤ እንደ ሁልጊዜው እጃቸውን ዘርግተው ሰዓቴን ጠየቁኝ። ፈትቼ ሰጠኋቸው። ከሰዓታቸው ጋር አስተካክለው መለሱልኝና «ሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርተህ ነበር» አሉኝ። ያ የመጨረሻ ቃላቸው ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ በጊዜ ይደበዝዛል።

ዲሬክተሩ መርዶውን በነገረኝ ሳምንት በአውቶቡስ ሆሳዕና ወረድኩ። ከተማዋን ከለቀቅኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሬሳቸውን ከሾኔ አምጥተው ቀብረውት ለቅሶው በታናሽ ወንድማቸው ግቢ፣ እንሰት ሥር ተነጥፎ ነበር። በመንገዴ የቅቤ አዳራሹን አየሁት። ሴቶቹ ከዓመታት በፊት አንድ በአንድ ሾልከው ወጥተው ዋንዛዋ ሥር ተመልሰዋል፤ ማንም አልከለከላቸውም፤ ግራዝማቹ ጡረታ ወጥተዋል። አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ቢሮ ሆኗል። ጉዳይ ያለው ሰው በጠዋት መምጣት አለበት አሉኝ፤ ከምሳ በኋላ ሠራተኞቹ ስለማይገኙ። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። «ይሞቃላ!» አለኝ ዘበኛው፣ እንዴት ይህ አይገባህም በሚል ዓይን።

ታደለች ለቅሶው ላይ ነበረች። አርጅታለች። ቅቤ መሸጥ ከተወች ቆይታለች፤ ጨው ትሸጣለች። አወቀችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሾኔ ድረስ መምህሩን ለመጠየቅ በየዓመቱ ትሄድ እንደነበር ነገረችኝ። ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ ቅቤ ይዛላቸው ትሄድና አውራ ጣቷን እየተጫነች ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ሰዓቱን አይተው ይጽፋሉ።

«ስለ እኔ ተናግረው ያውቃሉ?» አልኳት።

«ምን ብለው?»

«ስለዚያ ወረቀት።»

«አንድ ቀን ጠይቄአቸዋለሁ። ያ ጸሐፊ ክፉ ሰው ነው ወይ ብዬ።»

መልሱን አውቀዋለሁ። እሷም እንደማውቀው ስላወቀች አልነገረችኝም።

«እጽፈዋለሁ» አልኳት። «አዲስ አበባ ስገባ ሁሉንም እጽፈዋለሁ። ሰዓቱንም።»

 ቁጣ አልነበረባትም፤ ገበያ ውስጥ የተነቃበት ዕቃ እንደሚታይ አድርጋ ነው ያየችኝ።

«እሳቸው ሳይሞቱ ብትጽፈው ያነቡት ነበር» አለችኝ። «እኔ እንደሆነ ማንበብ አልችል።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ ሌሎቹ ሴቶች ወደ ተቀመጡበት ሄደች። እኔ እዚያው ቆየሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰዓቴን አየሁ። እንሰቱ ሥር ቀዝቃዛ ነበር።

ይኸው፤ የጎደለው መስመር ይህ ነው፦ ኮሚቴው አዳራሹን የጎበኘው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ገበያ አልነበረም። ብርድ ነበር። ጸሐፊውም ያውቅ ነበር።